ዘጠኝ ሆነን ሶፍትዌር እንሠራለን፤ ጠይቁኝ

መገናኛ አካባቢ ባለች ትንሽ ሶፍትዌር ቤት ሰው የምቀጥረው እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ ዲግሪ የለኝም። ሥራ አገኛለሁ?
መልስ፦ የሠራኸውን አሳይ። ትንሽም ብትሆን ሰው የሚጠቀምባት ትሁን።

ሐና፦ «ሦስት ወር በነፃ ሥሪና እናይሻለን፣ ሙከራ ነው» አሉኝ። ልግባ?
መልስ፦ እንዳትገቢ! ሙከራ ማለት በነፃ መሥራት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ እንደ ሌላው ሠራተኛ መብት አለው፤ ደመወዙም ይከፈለዋል። ልዩነቱ፣ ለሥራው ብቁ አይደለሽም ካሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሻል። አንቺም ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ትችያለሽ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን በቃል ተስማምቼ ነው የገባሁት። የአራት ወር ድካሜ ቀልጦ ቀረ። የማሳየው ወረቀት አልነበረኝማ። በጽሑፍ ይሁን።

ሚኪ፦ ትንሽ ቤት ከየት አምጥቶ ይክፈል? መማርም እኮ ክፍያ ነው።
ሰላም፦ ለታክሲ ረዳቱ በሂሳብ ፋንታ «ተምሬያለሁ» ብትለው ይወስድሃል?
ሚኪ፦ እኔ እንደዚያ ጀምሬ ነው እዚህ የደረስኩት።
ሰላም፦ እናትህ ቤት እየበላህ ነዋ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቤት የሚከራየውስ?
መልስ፦ ሰላም ልክ ናት። መክፈል የማይችል አይቅጠር።

ቢኒ፦ ደመወዝ ስንት ነው?
መልስ፦ የምን ሥራ? ስንት ዓመት የሠራ ሰው? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ዮዲት፦ «ቤተሰብ ነን» እያሉ በየቀኑ ያስመሹናል።
መልስ፦ እኛም ቡና አፍልተን አብረን እንጠጣለን። ግን ትርፍ ሰዓት ይከፈላል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ያመሸሽበትን ሰዓት መዝግቢ። እሱም በጽሑፍ ይሁን።

ቢኒ፦ ለቃለ መጠይቅ ምን ልልበስ?
መልስ፦ ንጹሕ ልብስ።

አቤል፦ ሙከራ ላይ ነኝ፤ ደመወዝ ይከፈለኛል ወይ?
መልስ፦ አቤል፣ አሁን ለሐና መለስኩ እኮ! ከላይ አንብብ።

ሐና፦ ውል ስጠይቅ «አታምኚንም?» ቢሉኝስ?
መልስ፦ «ስለማምናችሁ ነው የምፈርመው» በያቸው። ካኮረፉ ሌላ ቤት ፈልጊ። ከሰጡሽ ግን ሳትፈርሚ እዚህ አምጪው፣ አብረን እናነበዋለን።