በዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ልማት ማዕከል ቦርድ ላይ እነማን ይቀመጣሉ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዩኒቨርሲቲዎች ለአካባቢያቸው ኢኮኖሚ የሚያቋቁሟቸው ማዕከላት የቦርድ አባሎቻቸውን ስምና ማዕረግ ዘርዝረው ያስተዋውቃሉ፤ ዝርዝሩ ግን ሰዎቹ ለምን እንደተመረጡ እምብዛም አይናገርም። ስለዚሁ ጉዳይ ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ስድስቱን መርጫለሁ። አንዳንዶቹ ረጅም መልስ ይፈልጋሉ፤ ለሌሎቹ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። በዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠራ የንግድ ድጋፍ ማዕከል በቦርዱ እንድቀመጥ ጠይቆኛል። ትምህርቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከፕሮፌሰሮችና ከባንክ ኃላፊዎች ጋር ተቀምጬ ምን እጠቅማለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የተጠሩት ለሥራ አመራር ቦርድ ነው ወይስ ለአማካሪ ቦርድ የሚለውን ይለዩ። የሥራ አመራር ቦርድ በጀት ያጸድቃል፤ ዳይሬክተር ይሾማል፣ ይሽራል፤ ስለ ተቋሙም በሕግ ይጠየቃል። አማካሪ ቦርድ ግን ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው ሕግ መሠረት የሚንቀሳቀሱት የአነስተኛ ንግዶች ልማት ማዕከላት በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ሥር ናቸው፤ በዋሽንግተን ሃዋርድ፣ በእርስዎ ክፍለ ግዛት ደግሞ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ያስተናግዷቸዋል። ሕጉ እነዚህ ማዕከላት አማካሪ ቦርድ እንዲኖራቸው፣ ቦርዱም የራሱን ሰብሳቢ መርጦ ዳይሬክተሩን በፖሊሲ ጉዳዮች ሁሉ እንዲያማክር ያዛል። ስለዚህ የተጠሩበት ማዕከል የዚህ መርሐ ግብር አካል ከሆነ፣ ግብዣው ለአማካሪነት ሳይሆን አይቀርም።

የትምህርት ደረጃዎ የሚያሳፍርዎ ከሆነ፣ ሕግ አውጪዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ ለሚቋቋመው አማካሪ ቦርድ ያስቀመጡትን ድልድል ይመልከቱ። ከዘጠኙ አባላት መካከል ከዩኒቨርሲቲዎችና ከተባባሪዎቻቸው የሚመጡት ከሦስት መብለጥ አይችሉም፤ ስድስቱ ከአነስተኛ ንግዶች ወይም ከሚወክሏቸው ማኅበራት መምጣት አለባቸው። ምሁራኑ በቁጥር እንዲያንሱ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ አገልግሎቱን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ስለሆነ ስለ አገልግሎቱ ጥራት የሚመሰክር ተገልጋይ በብዛት መገኘት ነበረበት። ኪራይ የጨመረበት፣ የጤና ተቆጣጣሪ በሩን ያንኳኳበት፣ የሠራተኛ ደመወዝ በወር መጨረሻ ያስጨነቀው ሰው የሚያውቀውን የንግድ አስተዳደር መምህሩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሊያውቀው ይችላል። ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት ግን ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ከአባላት የቀረበ ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ አንድ እንኳ አሠራር የተለወጠበት ቦታ ካላገኙ፣ የተፈለጉት ምናልባት ለፎቶግራፍ ነው።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። የእነዚህን ማዕከላት ቦርድ ስመለከት የማየው የባንክ ሰው፣ የቀድሞ ባለሥልጣን፣ የሕንጻ ተቋራጭና የፋብሪካ ባለቤት ነው። ስለ ኢኮኖሚ ልማት የሚወስን ቦርድ ላይ የኢኮኖሚ ባለሙያ እንዴት ይጠፋል?

መልስ፦ የምርምር ተቋምና የልማት ማዕከል ሥራቸው ስለማይመሳሰል ነው። የመጀመሪያው ዕውቀት ያመርታል፤ ሁለተኛው መሬት፣ ገንዘብ፣ ፈቃድና ኩባንያ አንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ ያደርጋል። በዚህ ረገድ የኩባንያዎች የምርምር ቤቶች የተሰባሰቡበት ሰፈር የሆነው የሰሜን ካሮላይናው የምርምር ትሪያንግል ፓርክ አነሳስ ከማውቃቸው ታሪኮች ሁሉ የተሻለ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሰሜን ካሮላይና በትምባሆ፣ በጨርቃ ጨርቅና በቤት ዕቃ ፋብሪካዎች ላይ የተንጠለጠለች፣ የነፍስ ወከፍ ገቢዋም በአገሪቱ ዝቅተኛ ከሚባሉት ክፍላተ ግዛት የምትመደብ ነበረች። በዱራም፣ በቻፕል ሂልና በራሌ ከሚገኙት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁት ወጣቶች ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ ሌላ አካባቢ ይሄዱ ነበር። በሦስቱ ከተሞች መካከል የምርምር ቤቶች የሚሰባሰቡበት ሰፈር ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ አጥብቀው ከገፉት ሰዎች አንዱ የግሪንስቦሮው የሕንጻ ተቋራጭ ሮሜዮ ጌስት ነው። ሐሳቡን የተቀበለው አገረ ገዥ ሉተር ሆጅስ ወደ ፖለቲካ ከመግባቱ በፊት የማርሻል ፊልድ ኩባንያን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ያስተዳድር የነበረ ሰው ነው። ጉዳዩን እንዲመራ የተመረጠው ሮበርት ሄንስ የዋኮቪያ ባንክ መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 በዳይሬክተርነት የተቀጠረው ጆርጅ ሲምፕሰን ደግሞ የቻፕል ሂል መምህር ነበር፤ ሙያው ግን ሶሲዮሎጂ እንጂ ኢኮኖሚክስ አልነበረም። ሲምፕሰን የሦስቱን ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ወደ ልዩ ልዩ ኩባንያዎች እየላከ፣ በአካባቢው በኬሚስትሪ፣ በመድኃኒትና በኤሌክትሮኒክስ ምን ዓይነት ዕውቀት እንዳለ እንዲያስረዱ አደረገ።

የቦርድ አባል የኋላ ታሪክ ምን ያህል እንደሚወስን የታየው ግን በመሬቱ ጉዳይ ነው። መሬቱን የመግዛቱ ሥራ በመጀመሪያ የተሰጠው፣ በጨርቃ ጨርቅ በከበረው በካርል ሮቢንስ ገንዘብ ለጀመረ ለትርፍ የቆመ ኩባንያ ነበር። ሰው ግን አክሲዮን የመግዛት ፍላጎት አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ1958 የዋኮቪያው አርቺ ዴቪስ አክሲዮኑን እንዲሸጥ ተጠየቀ፤ እርሱ ግን የተጠየቀውን አልፈጸመም። ፕሮጀክቱ የታሰበው ለክፍለ ግዛቷ ጥቅም ከሆነ ትርፍ ሊከፋፈልበት አይገባም፣ ገንዘቡም በስጦታ እንጂ በአክሲዮን መሰብሰብ የለበትም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ተቀባይነት ሲያገኝ ክፍለ ግዛቷን እየዞረ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባሰበ። እ.ኤ.አ. በጥር 1959 ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን መሬቱን ከኩባንያው እንደሚረከብ፣ አንድ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋምም እንደሚቋቋም ይፋ ሆነ። የኮምፒውተር ኩባንያው አይ.ቢ.ኤም. ወደ ፓርኩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በመካከል ያሉት ዓመታት ትዕግሥት የሚፈታተኑ ነበሩ።

እንግዲህ ዝርዝሩን ብቻ ያየ ሰው «ባንከኛ» ከሚለው ቃል ውጭ ስለ ዴቪስ ምንም አያውቅም። ለፕሮጀክቱ የጠቀመው ስለ ወለድ ያለው ዕውቀት አልነበረም፤ የጠቀመው የቀረበለትን የገንዘብ አሰባሰብ ስልት ስሕተት ነው ለማለት መድፈሩና የሀብታሞቹ በር የሚከፈትለት ሰው መሆኑ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያ በዚያ ቦርድ ላይ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ በተለይ ማን ሥራ እንዳገኘና ማን እንዳላገኘ ለመለካት። መሬቱን ግን እርሱ አያስገዛም ነበር። (የሙያ ባልደረቦችዎ ይህን በማለቴ ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።)

ጥያቄ፦ ተቋራጩ በፓርኩ ግንባታ ይጠቀም አልነበረም? እንዲህ ያለውን ሰው ቦርድ ላይ ማስቀመጥስ የጥቅም ግጭት አይሆንም?

መልስ፦ የግንባታ ሥራ የሚያገኝ ሰው ግንባታ ቢመኝ አይገርምም። ጥቅም መኖሩ ብቻውን ሰውን ከቦርድ አያስወጣም፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ በአካባቢው ኢኮኖሚ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ማንም ሰው በኢኮኖሚ ልማት ቦርድ ላይ ሊቀመጥ ባልቻለ ነበር። ጥቅሙን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የራሱ ጉዳይ ሲነሳ ከስብሰባው መውጣትና በድምፅ አሰጣጡ አለመሳተፍ ግን የግድ ነው። ቃለ ጉባኤው «አባሉ ከአዳራሹ ወጥተዋል» የሚል መስመር በዓመት አንዴ እንኳ የማይገኝበት ቦርድ፣ አባላቱ ሁሉ ባለሀብቶች ከሆኑ፣ እኔን ያሠጋኛል።

ጥያቄ፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ ሰብሳቢነት ላይ የመንግሥት ባለሥልጣናትን ማየት የተለመደ ነው። ይህ ለልማት ሥራ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲው በጀቱን ከመንግሥት እስካገኘ ድረስ ባለሥልጣኑ የሚጠቅምበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የመሬት ጥያቄን፣ የመንገድና የመብራት ጉዳይን፣ የተጓተተ የግዥ ፈቃድን በአንድ ስልክ ሊያስጨርስ ይችላል። የሚጎዳበትም ምክንያት ከዚሁ ይነሳል። ባለሥልጣኑ ከሹመቱ ሲነሳ ስልኩም አብሮት ይሄዳል፤ በሥልጣን ላይ እያለም ቢሆን ሌሎቹ አባላት እርሱን መቃወም ይከብዳቸዋል፣ እርሱም በሥራ ብዛት ከስብሰባ ይቀራል።

ሆጅስ የአገረ ገዥነት ዘመኑን ጨርሶ በኬኔዲ አስተዳደር የንግድ ሚኒስትር ከሆነ በኋላ፣ የትሪያንግሉን ፋውንዴሽን ለመምራት የተመለሰው ሹመቱን ትቶ ነው። ያን ጊዜ የነበረው ሥልጣን ሳይሆን ልምድና ትውውቅ ነበር፤ ለቦርድ ይበልጥ የሚስማማውም እንዲህ ያለው የቀድሞ ባለሥልጣን ይመስለኛል፣ በቂ ጊዜ እስካለው ድረስ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን አዲስ ያደረገው ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። መንግሥት የሚሰጠውን በጀት ተቀብሎ የሚያከፋፍል ቦርድ እና የዩኒቨርሲቲውን ሕንጻ፣ መሬትና ዕውቀት ወደ ገቢ የሚቀይር ቦርድ የአንድ ዓይነት ሰዎች ስብስብ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛው የሒሳብ መግለጫ አንብቦ የሚጠይቅ፣ ውል መርምሮ የሚያስተካክል፣ ከኢንዱስትሪ ጋር የሠራ ሰው ይፈልጋል። ከዩኒቨርሲቲው ሥር ያለ የልማት ማዕከልም ብዙውን ጊዜ ተጠሪነቱ ለዩኒቨርሲቲው አመራር ስለሆነ፣ የላይኛው ቦርድ ያጣውን ልምድ ማዕከሉ ብቻውን ሊያሟላው ይቸግረዋል።

ጥያቄ፦ ዝርዝሩ ላይ የማይታዩትን ሰዎች ማንሳት ተገቢ ነው? ወይስ ያሉትን ብቻ እንገምግም?

መልስ፦ ተገቢ ብቻ ሳይሆን አንዳንዴ ዋናው ጥያቄ እርሱ ነው። የሰሜን ካሮላይናው ፓርክ የተወለደው የዘር መለያየት ሕግ ሆኖ በነበረበት ዘመን ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው መሪዎች በሙሉ ነጭ ወንዶች ነበሩ። የዛሬው የሰሜን ካሮላይና ሴንትራል ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የጥቁሮች ኮሌጅ የነበረው፣ እዚያው ዱራም ውስጥ እያለ ከመሥራቾቹ ሦስት ተቋማት መካከል አልተቆጠረም። የትሪያንግሉ ሦስት ማዕዘን የተሠመረው ያንን ኮሌጅ ወደ ውጭ ትቶ ነው። ፓርኩ ለክፍለ ግዛቷ ያመጣው ሀብት እውነት ነው፤ ሀብቱን ለማን እንደሚያዳርስ የሚጠይቅ ሰው ጠረጴዛው ላይ አለመቀመጡም እንዲሁ እውነት ነው። ስለዚህ ዝርዝር ሲያነቡ የአባላቱን ሙያ ከቆጠሩ በኋላ ማዕከሉ «አገለግላቸዋለሁ» የሚላቸውን ሰዎች ይቁጠሩና ሁለቱን ያስተያዩ። ገበሬን እደግፋለሁ የሚል ማዕከል ቦርድ ላይ ከእርሻ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር የመጣ ሰው ከሌለ፣ ስለ ገበሬው የሚነገረው ሁሉ የሰሚ ሰሚ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምንኖር ነን። ማኅበራችን ለአንድ እንዲህ ላለ ማዕከል ገንዘብ ሊለግስ አስቧል። የቦርዱን አባላት የኋላ ታሪክና ጥቅም ራሳችን ማጣራት የምንችልበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ከሚገምቱትም ይቀላል። ማዕከሉ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ለብቻው የተመዘገበ ከሆነ፣ በገቢው መጠን ከአጭሩ ቅጽ በላይ የሚጠበቅበት እስከሆነ ድረስ፣ በየዓመቱ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ቅጽ 990 ያቀርባል፤ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው። በክፍል ሰባት የቦርድ አባላትና የኃላፊዎች ስም፣ በሳምንት የሚሠሩት ሰዓትና የሚከፈላቸው ገንዘብ ይገኛል። በክፍል ስድስት ድምፅ ከሚሰጡት አባላት መካከል ስንቱ ገለልተኛ እንደሆኑ፣ በመካከላቸው የቤተሰብ ወይም የንግድ ዝምድና እንዳለ፣ ስለ ጥቅም ግጭት የተጻፈ ፖሊሲ መኖሩም ተመልክቷል። ድርጅቱ ከአባላቱ ወይም ከቤተሰቦቻቸው ጋር ያደረገው ግብይት ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ ደግሞ «ሠንጠረዥ ኤል» በሚባለው አባሪ ላይ ይወጣል። ብዙ ለጋሾች የገቢና የወጪ ድምሩን አይተው ይዘጉታል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምከፍተው ያንን አባሪ ነው።

ማዕከሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ለብቻው ካልተመዘገበ ይህን ቅጽ አያገኙም። በዚህ ጊዜ የዩኒቨርሲቲውን የቦርድ ስብሰባ ሰነዶች በክፍለ ግዛቱ የሕዝብ መረጃ ሕግ መሠረት መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ሆኖ የሚፈልጉትን ዓመትና ሰነድ ለይቶ ቢጠቅስ መልሱ ይፈጥናል። የልገሳው ገንዘብም የሚተላለፈው ብዙ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ፋውንዴሽን በኩል ነው። ፋውንዴሽኑ የራሱ ቦርድና የራሱ ቅጽ 990 ስላለው ሁለቱን ለየብቻ ይመልከቷቸው፤ የልገሳውን ውል የሚፈርመውም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ቼኩን ከመጻፍዎ በፊት ያረጋግጡ።