የሳይት ደህንነትና የሰራተኛ ማህበር፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

መላሽ፦ በግንባታ ሳይት የሰራተኛ ደህንነት ተወካይ ሆኜ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። ስካፎልድ (ከፍታ ላይ ለመስራት የሚቆም መወጣጫ)፣ ካሳፎርማ (አርማታ የሚፈስበት ቅርጽ) እና የማህበር ጉዳይ ላይ ጠይቁኝ።

ግንበኛ፦ ጋሼ፣ ሥራው አደገኛ ነው ብዬ እምቢ ብል ያባርሩኛል?

መላሽ፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 155 መሠረት፣ ከባድና ፈጣን አደጋ አይቶ ሥራውን ትቶ የወጣ ሰራተኛ በመውጣቱ ሊቀጣ አይገባም። ለግንባታ ብቻ የወጣው ቁጥር 167ም (1988) ከአደጋ የመውጣት መብት ይሰጥሃል፤ ወዲያው ለአለቃህ ንገር ይላል። ግን ወረቀት ብቻውን አያድንህም። አንድ ሰው እምቢ ሲል ሰውየው ይባረራል። ቡድኑ በሙሉ እምቢ ሲል ስካፎልዱ ይጠገናል። ብቻህን አትሂድ። በጽሁፍ ይሁን።

ፌሮ ሰራተኛ፦ ካሳፎርማ በስንት ቀን ይፈታል?

መላሽ፦ በቀን ብቻ አይፈታም፤ ጥንካሬው ታይቶ ነው የሚፈታው። በብርድ የፈሰሰ አርማታ ዘግይቶ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ1978 አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሎው አይላንድ የሆነውን ልንገራችሁ። የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ እየተሰራ ነበር። ስካፎልዱ ከመሬት አልቆመም፤ የታሰረው ከማማው ግድግዳ ጋር ነው። ክብደቱን የተሸከመው አርማታ ደግሞ የትናንት ነው። አልቻለም፣ ተሰበረ። ስካፎልዱ ዙሪያውን እየተላቀቀ ወረደ። 51 ሰራተኞች ሞቱ።

ስለዚህ ተወካያችሁ ካሳፎርማ ከመፈታቱ በፊት የኪዩብ (ጥንካሬው የሚፈተሽ የአርማታ ናሙና) ውጤት ይጠይቅ። ኪዩቡም ሶሌታው (የአርማታው ወለል) ባለበት ብርድ ላይ የተቀመጠ ይሁን። ላብራቶሪ ውስጥ በደንብ የተያዘ ኪዩብ ሳይት ላይ ስላለው ሶሌታ አይነግራችሁም። ውጤቱን በጽሁፍ ተቀበሉ።

ፎርማን፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ጥፋቱ የሰራተኛውም ነው። ቀበቶ እንሰጣለን፣ አያጠልቁም።

ግንበኛ፦ የት ላይ እንሰረው? የምናስርበት ነገር የለም እኮ!

ፎርማን፦ እኛ ጋ አለ።

ግንበኛ፦ ካለማ ፎቶ አሳየና።

መላሽ፦ በቃ። ቀበቶ የመጨረሻው መከላከያ ነው። መጀመሪያ የጠርዙ መከላከያ ይሰራ፣ ክፍቱ ይሸፈን። ቁጥር 167 በሌላ መንገድ መከላከል ካልተቻለ የግል መከላከያ በነጻ ይሰጥ ይላል። ማሰሪያ የሌለው ቀበቶ ጌጥ ነው።

ቀን ሰራተኛ፦ የቀጠረኝ ሰብ ኮንትራክተር ነው፣ ሥራውን ከዋናው ኮንትራክተር የወሰደ። ማንን ልጠይቅ?

መላሽ፦ ሁለቱንም። ድርጅቶች አንድ ሳይት ላይ ከበዙ ደህንነቱን የማስተባበር ኃላፊነት የዋናው ኮንትራክተር ነው፤ የቀጠረህም ለሰራተኞቹ ይጠየቃል። ደብዳቤው ለሁለቱም ይድረስ።

ታዛቢ፦ ማህበር ከመዋጮ ሌላ ምን ይሠራል?

ፌሮ ሰራተኛ፦ የኛ ማህበር ጫማና ሄልሜት አስፈቅዷል።

ታዛቢ፦ ጫማ ለመጠየቅ ማህበር ያስፈልጋል?

መላሽ፦ ያስፈልጋል። ስዊድን ውስጥ የሰራተኞች የደህንነት ተወካይ ከባድና ፈጣን አደጋ ካየ ሥራ ያስቆማል፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪወስን ሥራው እንደቆመ ይቆያል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የግንባታ ኩባንያዎች በምስጢር የሚጠቀሙበት፣ ሰራተኛ እንዳይቀጠር የሚያግድ ጥቁር መዝገብ ተያዘ። ከ3,200 በላይ ስም ነበረበት። ከነዚህ መካከል ስለ ደህንነት ስለተናገሩ ብቻ የተመዘገቡ ነበሩ። ቅጥር ፈልገው ሄደው ሥራ ያጡበትን ምክንያት እንኳን አያውቁም። ብቻህን አትሂድ የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ እምቢ ብል ያባርሩኛል እንዴ?

መላሽ፦ ከላይ በሰፊው መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

አዲስ ገቢ፦ እሺ፤ የኛ ሳይት ግን ደህና ነው?

መላሽ፦ ሳላየው ምን ልበልህ? ቁመቱን፣ ስካፎልዱ በምን እንደታሰረ፣ ማን እንደሚፈትሸው ጻፍ።

ታዛቢ፦ የካሳ ክፍያ እንዴት ይሰላል?

መላሽ፦ የሥራ ጉዳይ ጠበቃ ጠይቅ።

ቆፋሪ፦ ጉድጓዱ ከ2 ሜትር ያልፋል፣ ድጋፍ የለውም። ትናንት ዘንቧል። ነገ ጠዋት እንገባለን።

መላሽ፦ አትግቡ። 1 ሜትር ኩብ አፈር ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል። ሲናድ ለመሮጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደረት ላይ ሲጫን ጭንቅላት ውጪ ቢሆንም መተንፈስ አይቻልም። ጎኑ ይደገፍ ወይም በተዳፋት ይቆረጥ። የወጣው አፈር ከአፋፉ ይራቅ፣ መሰላል ይግባ። ዛሬ ማታ ከባልደረቦችህ ጋር ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙ። ጠዋት አብራችሁ ስጡት። ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።