ዲግሪው ይቅርብኝ ይሆን ላልሽኝ ልጅ

ሰሞኑን ከመሐል ሜዳ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ሌቭል ፎር ነርስ ነች፣ ከዲግሪ በታች ያለው ማለት ነው፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። "ሲስተር፣ ሥራውን እችለዋለሁ፣ ዲግሪ ምን ይጨምርልኛል፣ ይቅርብኝ ይሆን?" ነው ያለችኝ። እንቅልፍ ነሳችኝ፣ እትዬን አስታወሰችኝና።

እትዬ የምንላቸው ደብረ ብርሃን አካባቢ አብረን የሠራን ዲፕሎማ ነርስ ነበሩ፣ እኔ ገና ዲግሪዬን ይዤ የተመደብኩ ጊዜ። የኅዳርን ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከገጠር ታዝሎ የሚመጣ ሕፃን እጅ እግሩ በረዶ ነው። አንድ ሌሊት ተቅማጥ ያደረቀው ልጅ መጣ፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ሆዱን ቆንጠጥ ስታደርጊው ቆዳው ቶሎ አይመለስም። ሪንገሩ፣ በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ፣ በኪሎ ስንት እንደሚሰጥ እኔ አውቃለሁ፣ ደም ሥሩ ግን የለም! እትዬ መጡና መርፌውን እንኳ አላነሱም፣ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክረው ጨምቀው እግሩን ጠቀለሉት፣ እናትየዋን "አይዞሽ ልጄ፣ ጋቢሽን ደርቢበት" አሏት፣ ዝም ብለው ጠበቁ። ከዛ ጨርቁን ፈቱና ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ በጣታቸው ጫፍ ዳበስ ዳበስ አርገው "እቺውና" አሉ። እኔ ምንም አልታየኝም፣ እሳቸው ባንዴ አስገቡት።

እኚህ ሴት መማር ፈልገው ነበር። የፖስት ቤዚክ፣ ማለትም ዲፕሎማ ነርስ ወደ ዲግሪ የሚያድግበት ትምህርት፣ ዕድል ሲመጣ አመለከቱ፣ መሥሪያ ቤቱ "እሳቸው ከሄዱ ዋርዱን ማን ይይዘዋል" ብሎ ከለከላቸው፣ ኋላም እንደገና ከለከላቸው። ጎበዝ በመሆናቸው ተቀጡ ማለት ነው። የዋርድ ኃላፊ ቦታ ሲከፈት ማስታወቂያው ዲግሪ ይላል፣ ቦታው ለኔ ደረሰ፣ ያስተማሩኝ ሴትዮ አለቃ ሆንኩ። ስመው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ፣ በዲፕሎማቸው ጡረታ ወጡ። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ ተማሪ። ወረቀት ነርስ አያደርግም ብዬ ስከራከር ነው የኖርኩት፣ አሁንም እከራከራለሁ፣ ግን ስብሰባ ላይ ወረቀት የሌለው ሰው አይሰማም። አሜሪካ የሁለት ዓመቱ አሶሺየትም (እንደኛ ዲፕሎማ ያለው) የአራት ዓመቱ ባችለርም (ዲግሪው) የሚፈተኑት ያንኑ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው፣ ሁለቱም ያው አርኤን፣ የተመዘገቡ ነርስ፣ ናቸው። እኛ ጋ ግን ሌቭል ፎር በሲኦሲ፣ በሙያ ብቃት ምዘናው፣ ነው የሚመዘነው፣ ዲግሪ ደግሞ ከ2015 ወዲህ ኤግዚት ኤግዛም አለበት፣ መንገዱ ለየቅል ነው፣ ጉብዝናሽ ብቻውን አያሻግርሽም።

የአሁን ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር አላችሁ፣ በሽተኛ በቅጡ ሳትነኩ ማስተርስ ማስተርስ ትላላችሁ፣ ነርስ ነኝ ማለት የሚያፍርም አለ። የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እኮ ለንደን ነርስነት ነው የተማሩት! ዕድሉም ከኛ ይልቅ ለናንተ ቀርቧል፣ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ አለ፣ የአሥራት ወልደየስ የጤና ካምፓስም እዛው ከተማው ውስጥ ነው፣ ለኛ ጊዜ አዲስ አበባ ወይ ጎንደር ወይ ጅማ ነበር። ማስተርስ እምቢ አትበሉ፣ ግን መጀመሪያ ዋርድ ቁሙ፣ ሕፃናትም ይሁን ድንገተኛ የወደዳችሁትን እዛው ታውቁታላችሁ።

አንቺ ግን አሁኑኑ ማመልከቻሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አስመቺበትና ኮፒውን ያዢ፣ በቃል "ቆይ እናያለን" ቢሉሽ እንዳትመለሺ። የግል ኮሌጅ ከሆነም ከመክፈልሽ በፊት ለዛው ፕሮግራም ዕውቅና እንዳለው አጣሪ። ከከለከሉሽ ደብዳቤውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።