የቤት ዋይፋይ ጥያቄያችሁ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ

አብዛኞቻችሁ «መስመሩ ቀርፋፋ ነው» ብላችሁ ጠይቃችኋል። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩን የማገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ነው።

ከሆጤ፦ ዋይፋዩ ጓሮ ያለው የልጆቹ ክፍል አይደርስም። ሁለተኛ ራውተር ገዝቼ በኬብል ሳገናኘው ጭራሽ የሁሉም ተቋረጠ። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

አብሽሪ እህቴ፣ አልተበላሸም። ሁለቱም ራውተሮች ለስልኮቹ አድራሻ ልስጥ እያሉ ተጋጭተው ነው። አዲሱን ከሳሎኑ ነቅለሽ ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር አገናኚው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብተሽ መጀመሪያ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ማለትም ለስልኮቹ አድራሻ የሚሰጠውን፣ አጥፊ። ቀጥሎ አድራሻውን ቀይሪ። የሳሎኑ 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛውን 192.168.1.2 በይው። ሴቭ ስትይ ገጹ ይጠፋል፤ አትደንግጪ፣ አድራሻው ስለተቀየረ ነው። አሁን ከሳሎን የመጣውን ኬብል ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰኪ። ዋን የሚለው ቀለሙ ለየት ስለሚል እጅ ወደ እሱ ይሄዳል፤ እሱን ተዪው። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከሳሎኑ ጋር አንድ ካደረግሽ ስልኩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ከሰኞ ገበያ፦ ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪሱ 40 ሜትር ነው። ኬብሉ ይችላል?

በደንብ። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሠራል። ለውጭ የተሠራውን፣ ውስጡ ንጹሕ መዳብ የሆነውን ግዛ። ክረምት ላይ ደመናው ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊት ግን የመብራቱንም የስልኩንም ገመድ ንቀል። መብረቅ በሁለቱም ይገባል።

ከኮምቦልቻ፦ 4 ሜጋ ቢት አለን። ማታ አምስታችንም ቪዲዮ ስንከፍት ይቆማል።

ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችሁ አንድ ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም። የቪዲዮውን ጥራት ወደ 360 ዝቅ አድርጉት፤ በስልክ ስክሪን ልዩነቱ ብዙም አይታይም። ራውተሩስ የት ነው ያለው? ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ከሆነ አውጡትና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት።

ከቧንቧ ውሃ፦ ጎረቤት የይለፍ ቃላችንን አወቀ መሰለኝ።

ቀይሪው፤ የራውተሩን የራሱን የአድሚን ይለፍ ቃልም ጭምር። ደብሊው ፒ ኤስ የሚለውን፣ ማለትም የይለፍ ቃል ሳይጻፍ የሚያገናኘውን፣ አጥፊ።

ከፒያሳ፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይጠፋል።

ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ አለ። ከመግዛትህ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠህ ቮልቱን አንብብ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ 9 የሆኑም አሉ። መስመርህ ፋይበር ከሆነና የፋይበሩ ሳጥን ከራውተሩ ለብቻው ከተቀመጠ እሱም የራሱ ኃይል ይፈልጋል።