ካርቶኑን ሳትከፍቱ ወደ አዲስ አበባ አትላኩ

ለአገር ቤት መኪና መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት አንድ ዓይነት ነው። ዕቃው ቤት ሲደርስ እንደታሸገ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ሻንጣ ውስጥ ይከተዋል። ከሦስት ወር በኋላ ጋራዥ ውስጥ ሲከፈት የመብራቱ ጆሮ ተሰብሯል ወይም የራዲያተሩ አፍ ተሰንጥቋል። ያኔ ሻጩ የሰጠው የመመለሻ ጊዜ አልፏል፤ መልሶ ለመላክ የሚከፈለው የአየር ጭነትም ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ «ልመልሰው ወይስ ልያዘው» የሚለው ነገር መቆረጥ ያለበት እዚያው በገዛችሁበት አገር፣ ዕቃው በደረሰበት ቀን ነው።

መጀመሪያ ካርቶኑን ሳትከፍቱ ፎቶ አንሱ፤ ስድስቱንም ጎን፣ የመከታተያ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት፣ የተደፈጠጠ ማዕዘን ካለ እሱን። ስትከፍቱ ቢላውን ቴፑ ላይ ብቻ አስኪዱት፤ ጠልቆ የገባ ቢላ የጫረው ዕቃ የእናንተ ጥፋት ይሆናል። ዕቃውን ከማውጣታችሁ በፊት ውስጡ እንዴት እንደተቀመጠ አንድ ፎቶ ጨምሩ። አጓጓዡ ካሳ ሲጠየቅ ቀድሞ የሚያነሳው ክርክር «አስተሻሸጉ ደካማ ነበር» የሚል ስለሆነ፣ ይህ ፎቶ ጥፋቱ የሻጩ ይሁን የአጓጓዡ ይለያል። ጉዳት ካያችሁ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡና በቅርበት አንሱት። ካርቶኑንና መሙያውን ጉዳዩ እስኪያልቅ አትጣሉ፤ አጓጓዡ መጥቼ ልየው ሊል ይችላል፣ ዕቃው የሚመለሰውም በዚያው ካርቶን ነው።

ከዚያ ዕቃው ላይ አተኩሩ። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ጉዳቱ ትልቅ ነው ወይ ትንሽ አይደለም። ይህ ዕቃ መንገድ ላይ ቢከዳ ምን ይዞ ይሄዳል የሚለው ነው። የተጎዳ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) መልክ ብቻ ያበላሻል፤ የተጎዳ ራዲያተር ሞተር ያቃጥላል፤ የተጎዳ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ሰው ይጎዳል።

ከኩሽኔታ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ኩሽኔታ ወድቆ ሲመታ ከውጭ ምንም አይታይበትም። ውስጥ ያሉት ኳሶች ግን የሚሽከረከሩበትን የብረት ቀለበት ነቁጥ ነቁጥ አድርገው ይጎዱታል። ከታሰረ በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ማጉረምረም ይጀምራል፤ መካኒኩም «የቻይና ዕቃ ነው» ብሎ ያልፈዋል። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። አዲስ ኩሽኔታ በግራሶው ምክንያት ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ክብደቱ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ካለ ወይም አሸዋ እንደገባበት ከተሰማችሁ መልሱት። እጃችሁ ላይ ምንም ባይሰማችሁም ካርቶኑ ማዕዘኑ የተመታና ኩሽኔታው ያለ መሙያ የተጣለ ከሆነ ሳታመነቱ መልሱት። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት) ባለው መኪና ላይ ደግሞ በኩሽኔታው አንድ ጎን ማግኔታዊ ቀለበት ካለ እንዳልተጫረ እዩ፤ የፍጥነት ሴንሰሩ የሚያነበው እሱን ነው።

የፊት መብራት በጉዞ ላይ ቶሎ ከሚሰበሩት ዕቃዎች አንዱ ነው። ፊቱ መስታወት ቢመስልም በአሁኖቹ መኪኖች ላይ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ በቀላሉ አይሰበርም። የሚሰበሩት ከኋላ ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ቤትና በብሎን የሚታሰርባቸው ጆሮዎች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉና መብራቱን በፊቱ ድፉት። ጆሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ከሻጩ ፎቶ ጋር አመሳክሩ፤ ከሥሩ የተገነጠለ ጆሮ ለማያውቀው ዓይን ድሮም ያልነበረ ይመስላል። ቀጥሎ እያንዳንዱን በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት። ሥሩ ላይ ነጭ መስመር ብቅ ካለ ተሰንጥቋል። ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ በአምፖሉ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አብሩ፤ ቤቱ ላይ ስንጥቅ ካለ እንደ ብርሃን ክር ሆኖ ከውጭ ይታያል። በመጨረሻ አንስታችሁ በቀስታ ነቅንቁት። ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ አንጸባራቂው ከማስተካከያ ብሎኑ ራስ ላይ ወልቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጨረሩን ቦታው ላይ ማድረግ አይቻልም።

ጆሮው የተሰበረ መብራት «በሱፐር ግሉ ይያዛል» ተብሎ አይያዝም። ቤቱ ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ማጣበቂያው በደንብ አይነክሰውም፤ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ቶሎ ይለቃል። ፊቱ ላይ ያለ ጭረትም በአዲስ አበባ ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ፖሊካርቦኔቱ ከፀሐይ የሚጠበቀው ላዩ ላይ በተቀባ ስስ ሽፋን ነው። ጭረቱን ለማጥፋት ሲፈገፈግ ሽፋኑ አብሮ ይነሳል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ከተማ ፀሐይ ሥር ደግሞ መብራቱ ቶሎ ይቢጫል። በጥፍር ስትሄዱበት የሚይዝ ጭረት ካለ መልሱ፤ በዓይን ብቻ የሚታይ ከሆነ ያዙት።

ራዲያተር ላይ የተጣመሙ ስስ ክንፎች ሰውን ያስደነግጣሉ፣ ግን ብዙም አይጎዱም፤ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ተብለው ይቃናሉ። መታየት ያለባቸው በክንፎቹ መካከል የሚያልፉት ጠፍጣፋ ቱቦዎች፣ ጎንና ጎን ያሉት የፕላስቲክ ታንኮች ማዕዘን፣ የቱቦ ማስገቢያዎቹ አንገትና ታንኩ ከአሉሚኒየሙ ጋር የተቆለፈበት ጥርስ ናቸው። ራዲያተሩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። አንዱ ማዕዘን ተነስቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ተጠማዟል፤ ዛሬ ባያፈስም የታንኩ መጋጠሚያ ጫና ውስጥ ስላለ ሞተሩ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይከፈታል። ራዲያተር ላይ ጥርጥር ካለ መመለስ ነው። ሞተሩ ውኃ ጨርሶ ሲግል የተጠማዘዘ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ለማቃናት የሚወጣው ወጪ ከራዲያተሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ፓራውልት (ከመኪናው ፊትና ኋላ ያለው መከላከያ) ሻጮች ካርቶን ለማሳነስ ሲሉ አጥፈው የሚልኩት ዕቃ ነው። የተጣመመው ራሱ አዲሱ ቅርጹ እንዳይመስላችሁ፤ ሙቅ ውኃ አፍሱበት ወይም ፀሐይ ላይ ለጥቂት ሰዓት ተዉት፣ አብዛኛው ይመለሳል። እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከቀረ ግን ፕላስቲኩ ተጎድቷል፣ ቀለሙ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ የሚቀበላችሁ ሻጭ የለም። ስለዚህ ሳይቀባ መኪናው ላይ ተለክቶ ይታይ፤ መኪናው አገር ቤት ከሆነ ቢያንስ የብሎን ቀዳዳዎቹና የጎን መቆለፊያዎቹ ሙሉ መሆናቸውን እዩ።

የፍሬን ዲስክ ከባድና ተሰባሪ ብረት ነው። መሃል ቀዳዳው ላይ በጣታችሁ አንጠልጥሉትና በመፍቻ እጀታ መታ አድርጉት። ደህና ዲስክ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ድምፁ ታፍኖ ከቀረ ስንጥቅ ፈልጉ። የዝገት መከላከያ ዘይትና የቀለም መላጥ ጉዳት አይደለም። የፍሬን ሸራው በሚነካው ገጽ ወይም ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ላይ በሚቀመጠው ፊት ላይ ስብራት ወይም እብጠት ያለበት ግን ይመለሳል፤ እዚያ ያለች ትንሽ እብጠት ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪውን ታንቀጠቅጣለች።

ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው አክስል ጫፉ ካርቶኑን ቀድዶ ወጥቶ ይደርሳል። ዳዶውን በባዶ እጅ አስገቡት፤ እስከ መጨረሻ ከሄደ ጥርሱ ደህና ነው። የጎማ ሽፋኑ ከተቀደደ ወይም ግራሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተቀባ መልሱ። ሾክ አብዞርበር ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ዘንግ ትንሽ እንኳ ከተነቆረ ማኅተሙን ስለሚቆርጥ ይመለሳል፤ ቱቦው ከተሰረጎደ ፒስተኑ ስለሚይዘው እንዲሁ። ግን የታሰረበት ማሰሪያ ተበጥሶ ዘንጉ ተስቦ ስታገኙት አትደንግጡ፣ ጋዝ ያለበት ሾክ ሲለቀቅ ባሕሪው ያ ነው። ካንዴላና የኦክስጅን ሴንሰር ውስጣቸው ሴራሚክ ስለሆነ ሳጥናቸው ተጨፍልቆ ከመጣ ደህና ቢመስሉም አትያዙአቸው። የኤሲ ኮንደንሰር ክዳኖቹ ወልቀው ከደረሰ እርጥበት ገብቶበታል፤ ይህም ይመለሳል።

የላሜራ ዕቃ፣ ማለትም ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ በር፣ ሂሳቡ ሌላ ነው። ሜዳው ላይ ያለ ስርጉድ በጥሩ ቀጥቃጭ ይወጣል፤ ጠርዙ፣ የላሜራው እጥፍ መስመር ወይም የብሎን ቀዳዳው ላይ ያለ ግን ሲቀጠቀጥ መስመሩ ይጠፋል፣ ከአጠገቡ ካለው ላሜራ ጋርም አይገጥምም። ለእንዲህ ዓይነቱ የመልክ ጉዳት ከመመለስ በፊት ሻጩን ከፊል ተመላሽ ጠይቁት። ፓራፋንጎው 120 ዶላር ከሆነና ማስቀጥቀጫው 40 ከሆነ፣ 15 ዶላር ሲሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ከማስተካከያው በታች የሆነ ቅናሽ ኪሳራ ነው። ደግሞም ከፊል ተመላሽ ከተቀበላችሁ በኋላ ሙሉውን ልመልስ ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ለፍሬን፣ ለመሪ፣ ለኩሽኔታና ለማቀዝቀዣ ዕቃ ግን የፈለገውን ያህል ቅናሽ ቢሰጥም አትያዙ።

ለመመለስ ከወሰናችሁ የመመለሻ ቅጹ ላይ የምትመርጡት ምክንያት ገንዘባችሁን ይወስነዋል። «ተጎድቶ ደረሰ» የሚለውን ምረጡ። በችኮላ «አልፈልገውም» ካላችሁ የመላኪያው ወጪ በእናንተ ይሆናል፣ ከዋጋውም የተወሰነ ፐርሰንት ሊቆረጥ ይችላል። ዕቃው ታስሮ የወጣ ከሆነ አብዛኞቹ አይቀበሉም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይማ ይብሳል። አሮጌውን መልሱ ተብሎ መያዣ ገንዘብ የተከፈለበት ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ ከሆነ መያዣውም አብሮ መመለሱን አረጋግጡ፣ አዲሱ ገብቶ እስኪሠራም አሮጌውን አትስጡ።

በልዋጭ ላይ አንድ ነገር አስቡ። መብራቱ የተሰበረው በአስተሻሸጉ ምክንያት ከሆነ፣ ከዚያው መጋዘን የሚመጣው ሁለተኛው በዚያው መንገድ ይሰበራል። ገንዘባችሁን ተቀብላችሁ በአካል ሄዳችሁ ከምትረከቡበት ሱቅ ብትገዙ ይሻላል። ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ደግሞ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስከፍታችሁ ፈትሹ፣ ከሱቁ ከወጣ በኋላ ክርክሩ ከባድ ነው።

ጊዜው ላይ አትዘናጉ። አሜሪካ ውስጥ አጓጓዡ ዩፒኤስ የጉዳት አቤቱታ የሚቀበለው በ60 ቀን ውስጥ ነው፤ የሻጩ የራሱ ገደብ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያጠረ ስለሆነ በደረሰ ቀን ጻፉለት። ሞተር ወይም ካምቢዮ በፓሌት በጭነት መኪና ከመጣ፣ ሹፌሩ ሳይሄድ የተበላሸውን ደረሰኙ ላይ ጻፉና ፈርሙ። «በኋላ እፈትሻለሁ» የሚል ጽሑፍ ብዙ አይረዳም። ሲከፈት የተገኘ ስውር ጉዳት ደግሞ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለጭነት ድርጅቱ ይነገራል። እንግሊዝ ውስጥ በ2015ቱ የሸማቾች ሕግ መሠረት ከነጋዴ የገዛችሁትን ጉድለት ያለበት ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ሙሉ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። እዚያም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዕቃው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ያለው አደጋ የሻጩ ነው። ግን እናንተ ራሳችሁ የመረጣችሁት ጭነት ላኪ ከሻጩ ከተረከበ አደጋው ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ ዕቃውን ቀጥታ ወደ ላኪው መጋዘን አታስልኩ፤ መጀመሪያ ቤታችሁ ይምጣ።

ፈትሻችሁ ደህና ከሆነ እንደገና ስታሽጉ ከየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መሙያ ይኑር፤ ከባዱ ዕቃ ከመብራት ጋር አንድ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ጋዝ የተሞላ ሾክ አብዞርበርና ኤርባግ እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚታዩ አየር መንገዱን ሳትጠይቁ አትጫኑ።

አዲስ አበባ ሲደርስ ተሰብሮ ከተገኘ፣ በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ውል፣ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የተመዘገበ ሻንጣ ከሆነ በ7 ቀን፣ ካርጎ ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ለአየር መንገዱ ማመልከት ያስፈልጋል። ተቀባያችሁ ይህን ቀድሞ ይወቅ፤ ከቦሌ ከመውጣቱ በፊት ከፍቶ ይይ፣ ካርቶኑን ከነወረቀቱ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። መብራት ሆኖ ጆሮው ብቻ ከተሰበረ አይጣል። ያገለገለ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ፊቱ የደበዘዘ ግን ቤቱ ደህና የሆነ ያገለገለ መብራት ቢገኝ፣ ፊቱን በሙቀት አላቅቆ ማቀያየር የሚችል ባለሙያ አለ፤ የአምፖል መያዣውና ሽቦውም ከአዲሱ ይወሰዳል።