ቀስት ብቻ አይበቃሽም፦ የኮድ ግንኙነት ካርታ ለምትሠሪው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ፕሮጀክትሽ በአንድ መሥሪያ ቤት የጃቫ ሲስተም ላይ ነው፤ የትኛው ክላስ (ኮዱ የተከፋፈለበት አንድ ክፍል) ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ካርታ ልትሠሪ ነው። «ከ» እና «ወደ» የሚል ሁለት ዓምድ ያለው፣ ማለትም ቀስቱን ብቻ የሚይዝ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃኛል ወይ ብለሻል። አይበቃሽም። እዚሁ ጅማ ይሄንኑ ሥራ ሠርቼዋለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ። ኮዱን እንዴት ፓርስ እንደምታደርጊ (በፕሮግራም አንብበሽ እንደምትተነትኚ) አልነግርሽም፤ እሱ አያቅትሽም።

1. ግንኙነቱ ራሱ የራሱ መዝገብ ይኑረው። ዓይነቱ፣ የሚገኝበት ፋይልና መስመር፣ በምን መንገድ እንደተገኘ ይጻፍ። ዓይነቶቹ ቢያንስ አራት ናቸው፦ ውርስ፣ የሜተድ (ክላሱ ውስጥ ያለ አንድ ተግባር) ጥሪ፣ ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበትን ቦታ) መንካት፣ ክላስን በስሙ ማጣቀስ። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ፋሚክስ የሚባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፋሙስ በተባለ የአውሮፓ ፕሮጀክት ውስጥ ሲወለድ ጀምሮ ግንኙነትን የሚያየው እንደዚህ ነው። ሙስ የሚባለው የኮድ መተንተኛም በሱ ላይ የቆመ ነው። ቫሪያብል መንካት ላይ ደግሞ ማንበብና መጻፍን ለይተሽ አስገቢ። አንድ ቁጥር ተበላሽቶ ሲገኝ መጀመሪያ የምትፈልጊው የጻፈበትን ሜተድ ነው።

2. ለአንድ ጥሪ አንድ ተጠሪ ብቻ አለ ብለሽ አትነሺ። ኮዱ ኢንተርፌስ (ሜተዶቹን በስም ብቻ ዘርዝሮ ሥራውን ለሌሎች ክላሶች የሚተው) ላይ ከጠራ፣ ሲስተሙ ሲሮጥ የትኛው ክላስ እንደሚመልስ ከጽሑፉ ብቻ ሁልጊዜ አይታወቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥሪ የእጩዎች ዝርዝር ያዢ። እጩዎቹን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የውርስ ዛፉን ተከትሎ ያንን ሜተድ የሚተገብሩትን ሁሉ መሰብሰብ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ዲን፣ ግሮቭና ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያቀረቡት ይሄንን ነው። በዓመቱ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ ቤከንና ስዊኒ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ «ኒው» በሚል የኮድ ቃል የሚፈጠሩትን ክላሶች ብቻ በማስቀረት ዝርዝሩን አጠበቡት። ግን ጥንቃቄ! በስማቸው የሚጫኑ ክላሶች «ኒው» ሲባሉ አይታዩም።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ የደረሰብኝ ነው። እዚህ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሲስተሙን ካርታ አሠራኝ። የእጩዎችና «በምን ተገኘ» የሚሉትን ዓምዶች ይዤ ሄድኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሰው ፊት «ይሄ ሁሉ ለማን ነው? ቀስቱን ብቻ ስጠኝ!» አለኝ። አስረዳሁት፤ አልሰማም። ዓምዶቹ ከወጡ ካርታው ያሳስታል ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መዝገብ ቤት ማህተም አድርገው ተቀበሉኝ። ዓምዶቹ ግን ወጡ።

ከዚያ ምን አደረጉ? ማንም የማይጠራው ክላስ የሞተ ኮድ ነው ብለው፣ ቀስት ያልመጣበትን ሁሉ ሰረዙ። ከተሰረዙት አንዱ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚያሰላው ነበር። ስሙ አንድ የኤክስኤምኤል ፋይል (ከጃቫ ኮዱ ውጭ ያለ የቅንብር ጽሑፍ) ውስጥ ተጽፎ፣ ሲስተሙ ሲነሳ በሪፍሌክሽን፣ ማለትም በስሙ ተፈልጎ፣ የሚጫን ክላስ ነው። ጃቫውን ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ወደሱ የሚሄድ ቀስት ከየት ያመጣል? ጊዜው ደግሞ የቡና ሰሞን ነው። ሾፌሮችና ጥበቃዎች ሌሊቱን ሲሠሩ ከርመው ደመወዝ ሲደርስ የትርፍ ሰዓታቸው ዜሮ ሆኖ መጣ። ሂሳብ ክፍል መስኮት ላይ ሰው ተሰለፈ። ኃላፊው «ካርታውን የሠራው ልጅ ነው ያበላሸው» አለ። ማህተም ያለበትን የደብዳቤዬን ቅጂ ይዤ የበላዩ ጋ ገባሁ። ይቅርታ ያለኝ የለም፤ ሥራውን ግን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ።

ያኔ «በስም መጫን» የሚል አምስተኛ ዓይነት ጨመርኩ፤ ከኤክስኤምኤሉ የሚነበብ። ሲስተሙን እያሮጥኩም በተግባር የተጠሩትን መዘገብኩና «ሲሮጥ የታየ» ብዬ ምልክት አደረግኩባቸው። እጩዎቹም ተመለሱ። የተሰረዘው ክላስ ቦታው ሲገባ ቀስቱ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዛሬ እዚያ አዲስ ፕሮግራመር ሲቀጠር መጀመሪያ የሚከፍተው ያንን ካርታ ነው። በዚህ እኮራለሁ።

ያንቺም ሲስተም እንደዚሁ ነው የሚሆነው። ኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሎቹን አብረሽ ተቀበዪ፤ «እነሱ ኮድ አይደሉም» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። የምትስማሚውን ሁሉ በጽሑፍ አድርጊና ቅጂው ላይ ማህተም አስደርጊ።

መለያ ላይ ደግሞ ክላስን በአጭር ስሙ አትመዝግቢ። «ሪፖርት» የሚባል ክላስ በየፓኬጁ (ክላሶች በቡድን በሚቀመጡበት) ሊኖር ይችላል። ከነፓኬጁ ሙሉ ስሙን፣ ሜተድ ከሆነም ከነፓራሜትሮቹ (ከሚቀበላቸው ዋጋዎች) ዓይነት ጻፊ። ዳታቤዙ አያስጨንቅሽ፤ ለፕሮጀክትሽ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ በቂ ነው፣ የጥሪ ሰንሰለቱን በሪከርሲቭ ኩዌሪ (ራሱን እየደጋገመ በሚፈልግ ጥያቄ) ትከተዪዋለሽ።

መጀመሪያ አንድ ፓኬጅ ብቻ ወስደሽ ሞክሪ። የሰንጠረዡን ንድፍ ስትጨርሺ እዚህ ለጥፊው፣ አይልሻለሁ። በአካል ከሆነም ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው የምሠራው፤ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ።