ስለ ጂኦቴክስታይል ቱቦ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

እንደተባባልነው ዛሬ የጥያቄ ቀን ነው። ለአዲስ ሰው፦ ጂኦቴክስታይል ቱቦ ውሃ ከሚያሳልፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ጨርቅ የተሰፋ ትልቅ ከረጢት ነው፤ ዝቃጭ ወይም አሸዋ በፓምፕ ይሞላበታል፣ ውሃው በጨርቁ ይወጣል፣ ጠጣሩ ውስጥ ይቀራል። ዋና ሥራዬ ዝቃጭ ማጠንፈፍ ነው። የባሕር ጠረፍን ከማዕበል መጠበቁንም እነካካዋለሁ። ስለ ዋጋና ስለ ሻጭ አትጠይቁኝ። ስትጠይቁ ደግሞ ዝርዝሩን ጻፉ፦ ዝቃጩ የምን ነው? ጠጣሩ ስንት በመቶ ነው? በቀን ስንት ሜትር ኩብ ይመጣል?

የማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ፦ ኢንጂነር፣ የእኛ የፍሳሽ ዝቃጭ 3 በመቶ ጠጣር አለው። ቱቦ ውስጥ ገብቶ ምን ያህል ይቀንሳል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! 1000 ሜትር ኩብ በ3 በመቶ ሲሰላ ወደ 30 ቶን ደረቅ ነገር ነው። ጠጣሩ 20 በመቶ ሲደርስ የቀረው ሁሉ ተደምሮ 150 ቶን ይመዝናል። ሌላው ውሃ ሆኖ ወጥቷል።

ግን ይህን ቱቦው ብቻውን አይሠራውም። የጨርቁ ቀዳዳ ግማሽ ሚሊሜትር ይጠጋል። የዝቃጩ ቅንጣት ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ፖሊመር፣ ማለትም ቅንጣቶቹን የሚያጓጉል ኬሚካል፣ ካልገባ ወይ ጥቁሩ ውሃ እንዳለ ያልፋል፣ ወይ ጨርቁ ይደፈናል። ቱቦው ወንፊት ነው፤ ሥራው የፖሊመሩ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ጃር ቴስት። ዝቃጩን በብርጭቆ ቅዱ። በውሃ የተበጠበጠውን ፖሊመር በስሪንጅ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ቀስ ብላችሁ አገላብጡት። ዝቃጩ ተጓጉሎ በመሃሉ ጥርት ያለ ውሃ ሲታይ ደርሳችኋል ማለት ነው። ከዚያ ውሃውን በሁለት ጣት ፈተግ አድርጉት። ካሟለጨ ፖሊመሩ በዝቷል። ትርፉ ፖሊመር ራሱ ጨርቁን ይደፍነዋል፤ ስለዚህ “ለማንኛውም ጨመር እናድርግ” የሚባል ነገር የለም።

ዱቄት ፖሊመር ከሆነ ከተበጠበጠ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። ያልተፈታው ገንዘባችሁን ይዞ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ሌላው፦ ፖሊመሩን ከፓምፑ በፊት አታስገቡ። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የተጓጎለውን መልሶ ይፈጨዋል። ከፓምፑ በኋላ አስገቡትና ቱቦው ጋ እስኪደርስ የሚቀላቀልበት ጥቂት ጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ስጡት። ከዚያ በላይ አታንገላቱት።

ተማሪ፦ በአጠቃላይ ቱቦው እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ይሞላል፣ ይጠነፍፋል፣ ሲሟሽሽ እንደገና ይሞላል። መጨረሻ ላይ ተቀዶ በኤክስካቫተር ይነሳል፣ ወይ እዚያው ይቀራል። ጥያቄህን ጠበብ አድርገህ ተመለስ።

ዓሣ አርቢ፦ ከዓሣ ገንዳዬ የሚወጣ ዝቃጭ አለኝ። ስንት ኪሎ ፖሊመር ልግዛ?

መልስ፦ ጃር ቴስት። ከላይ ጽፌዋለሁ። ላንተ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ካታዮኒክ (ፖዘቲቭ ሙል ያለው) የሚባለው የፖሊመር ዓይነት ለዓሣ መርዝ ነው፤ መተንፈሻውን ይጎዳል። የተጠነፈፈውን ውሃ ወደ ገንዳው የምትመልስ ከሆነ ይህን ሳታጣራ አንድ ጠብታ እንዳትመልስ።

ባለ ፓምፑ፦ ቱቦው ሲሞላ ሻጩ ከፈቀደው ከፍታ ትንሽ ቢያልፍ ምን ይሆናል? ጨርቁ እኮ ጠንካራ ነው።

መልስ፦ ይፈነዳል። ከፍታው ትንሽ ሲጨምር በጨርቁ ላይ ያለው ውጥረት በጣም ይጨምራል፤ እኩል አይራመዱም። ቀድሞ የሚለቀው ደግሞ ስፌቱና የመሙያው አፍ ነው። ስፌት ብዙ ጊዜ ከጨርቁ ጥንካሬ ግማሹን ወይ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ነው የሚይዘው። የፓምፑ ጌጅ በቱቦው ውስጥ ያለውን አይነግርህም። ከጎኑ ምልክት ያለው እንጨት ትከልና ከፍታውን በዓይንህ እይ። መሬቱ ለጥ ያለ ይሁን። ተዳፋት ላይ የተሞላ ቱቦ ይንከባለላል፤ ከበታቹ ሰው እንዳይቆም።

የማዕድን ሠራተኛ፦ ከባድ ብረቶችን ያስቀራል?

መልስ፦ ከቅንጣት ጋር የተጣበቀውን አዎ። ውሃ ውስጥ የሟሟውን አያስቀርም። ስለዚህ ከሥር ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ምንጣፍ) ይነጠፍ፣ ውሃው አንድ ቦታ ይሰብሰብ፣ ሳይመረመር አይለቀቅ። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት የኦኖንዳጋ ሐይቅን የተበከለ ደለል እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2014 ጠርገው በቧንቧ ወደ እነዚህ ቱቦዎች ገፍተውታል። ከቱቦዎቹ የወጣው ውሃ ግን በቀጥታ ወደ ሐይቁ አልተመለሰም፤ መጀመሪያ ማጣሪያ ጣቢያ ነው የገባው።

የጠረፍ ነዋሪ፦ ባሕሩ መሬታችንን እየበላ ነው። ቱቦ ይሻላል ወይስ ድንጋይ?

ሲቪል መሐንዲስ፦ ድንጋይ ነዋ! ቱቦ እኮ ፕላስቲክ ነው። አንድ ጎረምሳ በቢላዋ ይጨርሰዋል።

ኮንትራክተር፦ ድንጋዩን ከየት ልታመጣው ነው? አሸዋው እዚያው እግርህ ሥር አለ።

ሲቪል መሐንዲስ፦ የተቀደደ ቱቦ ባዶ ጨርቅ ነው። ድንጋይ ቢንሸራተት እንኳ ድንጋይ ነው።

ኮንትራክተር፦ አንተ ቢሮ ተቀምጠህ ነው የምታወራው።

መልስ፦ በቃ! በአሸዋ የተሸፈነ ቱቦ ጥሩ ነው። ተገልጦ ከቀረ ግን ጨርቁ የሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ፖሊፕሮፒሊን፣ ፀሐይ አይችልም፤ እዚህ ላይ መሐንዲሱ ልክ ነው። ሁለታችሁም የዘለላችሁት ከሥሩ ያለውን ነው። ማዕበሉ ቱቦው ፊት ያለውን አሸዋ ይቦረቡራል፣ ቱቦው ወደ ጉድጓዱ ይገለበጣል። ለዚህ ነው ከሥሩ ሰፊ ጨርቅ ተነጥፎ ጠርዙ በትንሽ ቱቦ የሚያዘው። ይህ ከዋጋ ዝርዝሩ ከተሰረዘ ሥራውን አልነካም። ደግሞ ቱቦው ካለቀበት ጫፍ ቀጥሎ ያለው ጠረፍ የባሰ ሊበላ ይችላል። ጎረቤትህን አማክር።

የጠረፍ ነዋሪ፦ አሸዋ ስንሞላስ ስንት ፖሊመር?

መልስ፦ ምንም። አሸዋ ውሃውን ራሱ ይለቃል።

አዲስ ገቢ፦ ዘግይቼ ነው፣ ይቅርታ። የቀለም ፋብሪካ ዝቃጭ ነው፣ ስንት ፖሊመር ይበቃል?

መልስ፦ ጃር ቴስት! ጃር ቴስት! ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ። ዝናብ ቢዘንብበትስ?

መልስ፦ አብዛኛው በጨርቁ ላይ ይወርዳል። አንዴ የጠጠረ ዝቃጭ ወደ ሾርባነት አይመለስም። የውሃ መሰብሰቢያህን ግን ለዝናቡ ጭምር አስፋው።

የማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኛ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ኢንጂነር፣ የሚከፈትበት ጊዜ መድረሱ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ላዩን ረግጠህ አትወስን፤ ጠርዙ ቀድሞ ይደርቃል። ናሙናውን ከመሃል፣ ከጥልቁ አውጣ። መዝነው፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው፣ ደግመህ መዝነው። የቀረው ክብደት ለመጀመሪያው ሲካፈል የጠጣሩን መቶኛ ይሰጥሃል። ዝቃጩን የሚረከበው ቦታ ከሚጠይቀው በታች ከሆነ አትክፈተው።